የመምህር ሎምበቦ ሰባተኛ ጢንዚዛ

መምህር ሎምበቦ ማረፋቸውን የሰማሁት አንዲት ደንበኛዬ ቆጮዬን እያሸተተች ስታጣጥልብኝ ነው። ቆጮ የሚገዛ ሰው የማጣጣል ግዴታ አለበት፤ ሳያጣጥል የሚገዛ ካለ እኔ ራሴ እጠረጥረዋለሁ። ሴትዮዋ «ይሄ ውሃው አልወጣለትም» እያለች ሳለ አንድ የማውቀው የባጃጅ ሾፌር ከሱቄ ፊት ቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ፣

«ሳሚ፣ የጢንዚዛው መምህር አረፉ። የእድሩን ወንበር ልጭን እየሄድኩ ነው» አለኝ።

«መቼ?»

«ጠዋት።»

ሴትዮዋ እጇን ከቆጮው ላይ ሳታነሣ «ያ ድንጋይ የሚገለብጡት ሽማግሌ?» አለች።

«እሳቸው።»

«ነፍስ ይማር። ምን ነበር ግን የሚፈልጉት?»

ሆሳዕና ውስጥ ይህን ያልጠየቀ ሰው የለም። መልሱን ከባለቤታቸው ቀጥሎ በደንብ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ማወቄ ግን የሚያኮራ አይደለም። ቆጮዋን ቆርጬ ሰጠኋት፣ የሱቁን መዝጊያ ሳብኩና ወደ ለቅሶው ሄድኩ።

መምህር ሎምበቦ እዚሁ ከተማ ዕድሜ ልካቸውን ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እኔን አላስተማሩኝም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወደ ገበያ በዝውውር የሄድኩ ነኝ። ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ረጅም ነበር። የኮቱ ኪስ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ የተሞላ ስለሆነ ከማየትህ በፊት ትሰማቸዋለህ። ከመኪና ባሌስትራ ያሠሯት አንዲት ትንሽ መቆፈሪያ ከቀበቷቸው ላይ ትንጠለጠላለች። ሰላም ሲሉህ ዓይንህን ሳይሆን የቆምክበትን መሬት ያያሉ። እኔ መጀመሪያ የጫማዬን ዋጋ የሚገምቱ መስሎኝ ነበር።

ድንጋይ መገልበጣቸውን ከተማው በሙሉ ያውቃል። መመለሳቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አላለም። የገለበጡትን ድንጋይ በነበረበት ጉድጓድ፣ በነበረበት ጎን፣ ሣሩን ሳይቀር አስተካክለው ይመልሱታል። «የሰው ጣራ አንስተህ ቤቱን ካየህ በኋላ ክፍቱን ጥለህ አትሄድም» ይላሉ። አንድ ጊዜ ባልደረባቸው የነበሩ መምህር ሞተው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስንቀብር፣ አፈሩ ላይ ድንገት በጉልበታቸው ወደቁ። ሰው ሐዘን የሰበራቸው መስሎት ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዞ አነሣቸው። «ልቀቁኝ እባካችሁ፣ ይሮጣል» አሉ። የሟች ወንድም እስከ ዛሬ የሮጠው ምን እንደሆነ አያውቅም።

የሚሮጠው ጢንዚዛ ነው። እንደ እሳቸው አነጋገር ጢንዚዛ ሕዝብ ነው። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ መብረር የማይወዱ፣ መሬት ለመሬት እየሮጡ ሌላ ነፍሳት አድነው የሚበሉ ጎሳዎች አሉ። ከእነዚያ መካከል ደግሞ ፈረንጆች ክላይኒየስ የሚሉት አንድ ቤት አለ። የመምህሩ ሥራ የዚያ ቤት ልጆች በእኛ አካባቢ ስንት እንደሆኑና እያንዳንዱ የት እንደሚኖር ማወቅ ነበር። ሥራ ስል ማንም አልቀጠራቸውም፤ ሥራ ያለው ሰው ግን እንደሳቸው ሲተጋ አላየሁም።

«አንድ ቤት ናቸው፤ ግን እንደ እናንተ እንደ ነጋዴዎች ሁሉም የየራሱ መደብ አለው» አሉኝ አንድ ቀን። «ጭቃ ዳር ያለው አሸዋ ላይ አይወጣም፣ አሸዋ ላይ ያለው ሣር ውስጥ አይገባም። አንዱ የሌላውን መደብ አይቀማም። በዚህ በዚህ ከእናንተ ይሻላሉ።»

ቤታቸው ውስጥ ባለ መስታወት የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። በውስጡ ጢንዚዛዎቹ በመርፌ ተሰክተው ይቀመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የጉንዳን ያህል ፊደል የተጻፈባት ካርድ አለች። ከየት አገር፣ ከምን ሥር፣ ማን አገኘው የሚል። ካርዱ ላይ ሕግ ነበራቸው፤ ያላዩትን አይጽፉም፣ ያዩትን አይደብቁም። ይህቺን ሕግ አስታውሷት፤ እኔን ያስጨነቀችኝ እሷ ናት።

እኔና እሳቸው የተዋወቅነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ጭቃ ዳር የተያዘ፣ አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያውን እንደ ጥልፍ ቢጫ የተዘመዘመለት ነው። ሌላው ከቢላቴ ወንዝ አሸዋ የመጣ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ ያለው። አንድ የገበያ ቀን መምህሩ የክብሪት ሳጥን ይዘው ሱቄ ገቡና ከፍተው አሳዩኝ። በውስጡ የጢንዚዛ አንድ ክንፍ ሽፋን ብቻ ነበር። ቀለሙ ያረጀ አምስት ሳንቲም ይመስላል፤ እንደታረሰ ማሳ ደግሞ ትልም ትልም አለው።

«ሳሙኤል፣ ይቺን ከመደብህ ፊት ነው ያነሣኋት። ካሉኝ ከሁለቱም አይደለችም። ከቆጮህ ውስጥ እንዲህ ያለ ጢንዚዛ ወጥቶ ያውቃል?»

አሁን ነገሩን እዩት። ሱቄ ውስጥ ለአንድ ሆቴል ቆጮ የሚገዛ ሰው ቆሟል። ሰውየውን ሁለት ወር ለምኜ ያመጣሁት ነው። መምህሩ ደግሞ ዕድሜ ልክ ከኋላ ወንበር እንዲሰማ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ጡረታ አልወጣም።

«ከእኔ ቆጮ?» አልኩ። «መምህር፣ የእኔ ቆጮ ውስጥ ከቆጮ በቀር ምንም የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ፣ «ቆጮ አይደለም» ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት።

«ሌሎቹን ነጋዴዎች አይጠይቁም?» አልኳቸው፤ ትንሽ ከብዶኝ።

«ለምን? ነጋዴ ስለ ዋጋ ይዋሻል። ስለ ጢንዚዛ ምን ብሎ ይዋሻል?»

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት አልዋሸሁም ማለት ይቻላል። ቆጮ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ኮባ ውስጥ ብዙ ነገር ይወጣል፤ ዓይነቱን የሚያይ ግን የለም። ያየሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንዱን ጥቅል ስፈታ ያ አምስት ሳንቲም፣ አሁን ሁለቱም ክንፍ ኖሮት፣ ስድስት እግር አብቅሎ፣ በባንኮኒው ላይ ሮጠና ወለሉ ላይ ወደቀ። እኔም ያ የሆቴሉ ሰው በር ላይ ስለነበረ ረገጥኩት። ወዲያው ሱቁ በአንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ሸተተ። እነዚህ ጢንዚዛዎች ሲነኩ እንዲህ ነው የሚሸቱት፤ መምህሩ ነግረውኛል።

ሰውየው አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገና «ሱቁን በመድኃኒት ታጥበዋለህ እንዴ?» አለኝ።

«ንጽሕና እወዳለሁ» አልኩት። በዚያች ሽታ ምክንያት ደንበኝነቱን አጸና።

ከዚያ በኋላ መናገር እችል ነበር። ግን ካርዱን አሰብኩ። ካርዱ ላይ «ከነጋዴው ከሳሙኤል ቆጮ ውስጥ የተገኘ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንድ ተማሪ ፎቶ ያነሣዋል፤ እስከ ማታ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ጢንዚዛው ስም ያገኛል፣ እኔ ስም አጣለሁ። ዝም አልኩ።

መምህሩ ደግሞ በዚያች ቃሌ ላይ ቤት ሠሩባት። ክንፏ ገበያ ላይ ከተገኘችና ከቆጮ ካልሆነች፣ በሰው ጫማ ወይም በአህያ ጭነት ከሌላ ቦታ መጥታለች ማለት ነው አሉ። ስለዚህ ወደ ሆሳዕና ገበያ ሰው የሚመጣበትን አገር ሁሉ ማየት አለባቸው። ገበያተኛው ከየት ከየት እንደሚመጣ እኔኑ ጠየቁኝ። እኔም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ቆጮ የማይመጣበትን ቆላ ሳይቀር ጨመርኩላቸው።

ፎንቆ የሄዱት ከእኔ ጋር ነው። እኔ ገበያው ውስጥ ስገዛ እሳቸው ከብት ከሚጠጣበት ረግረግ ገብተው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሣር ሥር ይቆፍሩ ጀመር። ስመለስ አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን አንግቶ ከፊታቸው ቆሟል። ሰው ወርቅ ተገኘ ብሎ ተሰብስቧል።

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?» ይላል ሚሊሻው።

«ጢንዚዛ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ስንት ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ካወቁ በኋላስ?»

መምህሩ ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ሁሉ ጥቂት አሰቡ። «ያኔ አንተም ታውቃለህ» አሉት።

ሚሊሻው ወደ እኔ ዞሮ «ጤነኛ ናቸው?» አለኝ።

«መምህር ናቸው» አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ ተወን። ያን ቀን ከረግረጉ ነሐስ የመሰለ ትልቅ ጢንዚዛ ይዘው ወጡ፤ ሦስተኛው እሱ ነው። ያቺ ክንፍ ግን የእሱ አልሆነችም።

እንዲህ እያለ ዓመቱ ሄደ። በጊቤ ቆላ ጥቁሩ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ፣ በስንጥቁ ውስጥ ሆኖ ዝናብ የሚጠብቅ አራተኛ አገኙ። ሺንሺቾ ላይ ደግሞ ከአንድ ሰው አጥር ጀርባ፣ ቅጠል በሞላው ቦይ ውስጥ፣ ከሁሉ የሚያንሰውን አምስተኛውን አገኙ። አዲስ በተገኘ ቁጥር ክንፏ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ትገፋለች። ሦስተኛ ነበረች፣ አራተኛ ሆነች፣ አምስተኛ ሆነች። እኔም በልቤ «ባልዋሸሁ ኖሮ ይሄ ሁሉ ይገኝ ነበር?» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ነጋዴ ኪሳራውንም ትርፍ ብሎ መሸጥ ካላወቀ ነጋዴ አይደለም።

ይህ ማጽናኛ ያለቀብኝ ሀምበሪቾ ተራራ ላይ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ወጥተው ሽበት ያበቀለ ድንጋይ ሲገለብጡ አዳለጣቸውና ወደቁ። የአገሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አወረዷቸው። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስገባ እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ እጃቸው አንድ ብልቃጥ ጨብጦ አገኘኋቸው።

«እግሬ ተሰበረ» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ብልቃጡ ግን አልተሰበረም» አሉ።

ስድስተኛው ነበር፤ ጠጉራም፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ክንፏ ሰባተኛ ሆነች።

እግራቸው ዳነ፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ እየቀነሱ ሄዱ። ልብም ነው አሏቸው፣ ኩላሊትም ነው አሏቸው። ከቤት መውጣት አቆሙ። ያለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ሣጥኑ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጧል።

«ሳሙኤል» አሉኝ፣ «ሰባተኛውን በዓይኔ ሳላይ መሞቴ አይደለም የሚቆጨኝ። የት እንደሚኖር ሳላውቅ መሞቴ ነው። የሚኖርበትን ያላወቅክለትን አውቀዋለሁ አትልም።»

ከዚያም ወቀሳ እንዳይሆንብኝ ፈርተው መሰለኝ፣ «አንተ ግን ብዙ ረድተኸኛል» አሉ።

በማግስቱ ለበሽተኛ የሚሆን ጥሩ ቡላ ይዤ ተመለስኩ። ባለቤታቸው እትዬ ኤርጎጌ በእናቴ በኩል ዘመዴ ናት፤ አንቺ ነው የምላት። ቡላውን ተቀብላ ልታገነፋ ገባች። እኔ ከአልጋው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ ያቺ ክንፍ ከእኔ ቆጮ ናት።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«በምን አወቅክ?»

«አይቼዋለሁ። ሙሉውን፣ ከነነፍሱ።»

«መቼ?»

«በጠየቁኝ በሦስተኛው ሳምንት።»

ስድቡን ጠበቅኩ። ስድብ ቢመጣ የማውቀው ዕቃ ነው፣ እቀበለዋለሁ። መምህሩ ግን መነጽራቸውን አድርገው ቀና አሉ።

«እግሩ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ።»

«ጭኑም?»

«እሱን ልብ አላልኩም። ረግጬው ነበር።»

«ከመርገጥህ በፊት ያለውን ነው የምጠይቅህ።»

«ከመርገጤ በፊት ሩጫ ላይ ነበር።»

«የማን ቆጮ ነበር?»

«ከአምስት ስድስት ቤት ነው የምሰበስበው፣ ለይቼ አላውቅም። ከዚህ ቤትም እገዛለሁ።»

ያን ጊዜ እትዬ ኤርጎጌ የቡላውን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች። «እግሩ ቀይ የሆነው? ሲነኩት ጤና ጣቢያ የሚሸተው?» አለች።

ሁለታችንም ዞርን።

«እሱማ ጓሮ ነው ያለው፤ ከቆጮው ጉድጓድ አጠገብ።»

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው የማያውቅ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በእኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይደርስም። ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ግንዱ ላይ ሰቅለው ነው የሚሠሩት፤ ማየት ነውር ነው። ቆጮውም ወንድ ከደረሰበት ይበላሻል ይባላል። እኔ ስንት ዓመት ቆጮ ስነግድ ከጓሮው አጥር በር አልፌ አላውቅም፤ ወደ በሩ ያወጡልኛል። መምህሩም ሀምበሪቾን ሦስት ጊዜ የወጡ ሰው ከገዛ ቤታቸው ጀርባ ሠላሳ እርምጃ ሄደው አያውቁም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ከገባሁ ጀምሮ። ከእኔ በፊትም እናትህ ታውቀው ነበር። ‹ትሉን ይበላልሻል፣ አትንኪው› ያለችኝ እሷ ናት።»

«ኤርጎጌ፣ ይህን ሣጥን ስንት ጊዜ አይተሻል?»

«መስታወቱን ማን ይወለውለው ነበር? እዚያ ያለው አንድ ክንፍ ነው። ክንፍ ብቻ አይቼ በምን ልወቀው? አንተስ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ሚሊሻውን ጠየቅህ፣ አህያ ነጂውን ጠየቅህ፣ ይሄን ሌባ ጠየቅህ።»

ሌባው እኔ ነኝ። አልተከራከርኩም።

መምህሩ ከትራሳቸው ሥር የድሮውን ማስታወሻ አወጡ። ብዙ ገጽ ወደ ኋላ ገለጡና «ቆጮ አይደለም» የሚለውን አግኝተው በእስክሪብቶ ሰረዙት። እትዬ ኤርጎጌ ሳህኑን አስቀመጠች፣ አንድ ብልቃጥ ከኮቱ ኪስ አወጣችና ሄደች። ቡላው ሳይቀዘቅዝ ተመለሰች። በብልቃጡ ውስጥ ያ አምስት ሳንቲም ይሮጣል።

በማጉያ መስታወታቸው ረጅም ጊዜ አዩት። «ጭኑም ቀይ ነው» አሉኝ፤ እኔ እንድማር።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፉ። «ደግፉኝ። ቦታውን ልየው።»

«አይሆንም» አለች እትዬ ኤርጎጌ።

«አሁን የሚፍቅ የለም፣ ሴት የለም።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ቆጮ አለ። ወንድ ደርሶበት ቢበላሽ ማን ይገዛኛል?» ብላ ወደ እኔ አየች።

መምህሩም ወደ እኔ አዩ።

«እኔ አልገዛም» አልኩ። ባለቀ ሰዓት የመጣ ሐቀኝነት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

«ያላየሁትን አልጽፍም» አሉ።

«እንግዲያው አትጻፍ» አለችና ሳህኑን አነሣች።

መምህሩ ብልቃጡን አዩ፣ የሣጥኑን ባዶ ቦታ አዩ፣ ወደ ጓሮ የሚያወጣውን በር አዩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«እሺ። ተናገሪ።»

ተናገረች። እሷ እንደምትለው ከጉድጓዱ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያርፍበት በኩል የተጣለ ኮባ አለ፣ ድርብርብ ሆኖ። ላይኛው ደረቅ ነው፣ እዚያ ምንም የለም። ሁለተኛው እርጥብ ነው፣ እዚያ ትል ነው ያለው። እሱ የሚኖረው ከሦስተኛው ሥር ነው። በበጋ ወደ ጉድጓዱ አፍ ይጠጋል፣ ክረምት ሲገባ እንሰቱ ሥር ይወርዳል። ልጁ ሌላ መልክ አለው፤ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ትልን እያሳደደ የሚበላ።

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አቆሙ። «ልጁንም ታውቂዋለሽ?»

«ማን ያሳደገው ይመስልሃል?»

ካርዷ አልበቃ አለችና ሁለተኛ ጨመሩ። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«መምህር፣ የእኔ ስም ባይገባበት…»

ትከሻቸውን ወደ እኔ አዙረው የቀረውን ጻፉ፣ ቀለሙን እፍ አሉበትና ሣጥኑን ዘጉት። ይክፈቱልኝ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሴት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ነፍሳት ነው የምታጠናው። መምህሩ በሕይወት ሳሉ ሣጥኑን ሊሰጧት ተነጋግረው ኖሯል። እትዬ ኤርጎጌ ሣጥኑን አወጣችላት፤ ልጅቷም ድንኳኑ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ካርዶቹን አንድ በአንድ አነበበች። እንደ መምህሩ እሷም ድምፅ አላት። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና እንደገና ጀመረች።

«ሆሳዕና፣ ጓሮዬ። ከቆጮ ጉድጓድ አጠገብ፣ ከሦስተኛው ኮባ ሥር። ቦታውን አላየሁትም፤ ኤርጎጌ እንደነገረችኝ ጻፍኩ። ያገኘችው ኤርጎጌ። ከሷ በፊት ታውቀው የነበረች እናቴ። በመካከሉ ያየው ነጋዴው ሳሙኤል፤ ረገጠው።»

ድንኳኑ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ሳቁን በጋቢ ሸፈነ።

«ይሄ ጢንዚዛ ሌላ አገር ስም ይኑረው አይኑረው ማመሳከር አለብኝ» አለች ልጅቷ። «ለዚያ ደግሞ አንድ አይበቃም፤ ሦስት አራት ያስፈልገኛል። ይሄ ሳሙኤል የሚባለው ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ» አልኩ። «ቆጮ ይነግዳል።»

«ላገኘው እችላለሁ?»

«አግኝተሽዋል።»

ቀና ብላ አየችኝ። በቀኝ በኩል ሁለት የቆጮ ተራ ሰዎች፣ ከኋላቸው ያ የሆቴል ገዢ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ምንም ሳታውቅ፣ ያንኑ ጥያቄ፣ ከኋላ ወንበር በሚሰማ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ከቆጮህ ውስጥ አሁንም ይወጣል?»

እትዬ ኤርጎጌ ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችኝ።

«ይወጣል» አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ያቺ የምታጣጥል ደንበኛዬ መጥታ ኮባውን ስፈታላት አንዱ ወጣ፤ ቀይ እግር፣ ቀይ ጭን። ለልጅቷ የሚበቃትን ቀደም ብዬ በብልቃጥ ልኬላት ስለነበር ይሄኛው ትርፍ ነው።

«ጢንዚዛ አለው» አለች ሴትዮዋ፣ እጇን እያነሣች።

«አለው። ሰባተኛው ነው።»

ስድስቱ የት እንዳሉ አልጠየቀችኝም። ወደሚቀጥለው መደብ ሄደች። የሚቀጥለው መደብም የሚገዛው ከእትዬ ኤርጎጌ ነው፤ እሱን አልነገርኳትም። ጢንዚዛው ከኮባው እጥፋት ሥር ገብቶ ቆሟል። ትንሽ አየሁትና ኮባውን በነበረበት ጎን መለስኩለት።